ጎርፍ የደፈነውን የጋራ መስኖ እንደገና ሥራ ማስጀመር፦ ለጣና ዳር ገበሬዎች

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ስልኬ የሚጠራው ለአንድ ጥያቄ ነው። ከፎገራም ይደወል ከደራ፣ ከሊቦ ከምከምም ይሁን ከደምቢያ፣ ነገሩ ያው ነው፦ «ጎርፉ ሰብሉን ወሰደው፣ ቦዩን ደለል ሞላው። ሰው ለደቦ ተዘጋጅቷል፤ ከየት እንጀምር?» በስልክ ስመልስ ሁሌ አንድ ነገር ስለምረሳ ይኸው ጽፌዋለሁ።

አጭሩ መልስ፦ ከቦዩ አትጀምሩ። መጀመሪያ ማሳ ላይ የተኛው ውሃ መውጫ ያግኝ። ቀጥሎ ወንዙ ስንት ጥማድ (አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው) እንደሚያጠጣ ይለካ። ቦዩ ከዚህ በኋላ ነው፤ ሞተር ደግሞ መጨረሻ። ሰው ግን አካፋ ይዞ የሚሮጠው ወደ ቦዩ ነው፣ ምክንያቱም የሚታየው ጉዳት እሱ ነው።

ይህ መመሪያ ከ15 እስከ 30 ሆነው ከርብ፣ ከጉማራ ወይም ከገባሮቻቸው በአፈር ቦይ ለሚያጠጡ፣ ወይም ከሐይቁ በሞተር ለሚስቡ ነው። እንደ ቆጋ ያለ ትልቅ ግድብ ያለው መስኖ ራሱን የቻለ ባለሙያ ስላለው እሱን አይመለከትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አካፋና ዶማ፣ ቢያንስ ለሁለት ሰው አንድ አንድ
- ደለል ማመላለሻ ባሬላ
- ባዶ ኬሻ (50 ቢሆን ጥሩ ነው፣ የማዳበሪያም ይሆናል) እና ሲባጎ
- 25 ሜትር ግልጽ ላስቲክ ቱቦ፣ ውፍረቱ የጣት ያህል
- ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቀጥ ያሉ ዱላዎች፣ በሴንቲሜትር ምልክት የተደረገባቸው
- 60 ያህል ካስማ
- ሜትር፣ ሰዓት ያለው ስልክ፣ አንድ ሎሚ (እውነቴን ነው፣ ደረጃ 4 ላይ ታያላችሁ)
- ደብተርና እስክሪብቶ
- በሞተር የምትስቡ ከሆነ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል፣ አዲስ ዘይት፣ ካንዴላ፣ የቱቦ ማጥበቂያ ፋሸታ

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ ጉዳቱን መዝግቡ

የማን ማሳ፣ ስንት ጥማድ፣ ምን ሰብል፣ ደለሉ ስንት ስንዝር። በስልክ ፎቶ አንሱና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አሳዩ። ዘርም ሆነ ሌላ ድጋፍ ሲመጣ የሚታየው ይህ ዝርዝር ነው፤ ደለሉ ከተጠረገ በኋላ ጉዳቱን ማሳየት አይቻልም። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ደረጃ 2፦ የተኛውን ውሃ አስወጡ

የሜዳችን አፈር ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው። አንዴ ከጠገበ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም፣ ስለዚህ የተኛው ውሃ የሚሄደው በላይ በላዩ ብቻ ነው። ሥር አየር ካጣ ደግሞ የምትዘሩት ሁሉ ይበሰብሳል።

የማሳውን ዝቅተኛ ጥግ ፈልጉና ማጠንፈፊያ ቦይ አውጡ። ቁፋሮው የሚጀመረው ከመውጫው በኩል፣ ከታች ወደ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን እየቆፈራችሁ ውሃው ከኋላችሁ ይሄዳል። ከላይ ከጀመራችሁ ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ጭቃ ታማስላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃውን ለማስወጣት ብላችሁ የወንዙን ዳር ክትር አትስበሩ። መጀመሪያ የወንዙና የማሳው ውሃ የቱ ከፍ እንደሚል በደረጃ 6 ላይ በተገለጸው ቱቦ ለኩ። ወንዙ ገና ከፍ ያለ ከሆነ የምትከፍቱት ለሁለተኛ ጎርፍ በር ነው።

ደረጃ 3፦ እርጥበቱ ሳያመልጥ ዝሩ፣ ችግኝም አፍሉ

መስኖው እስኪደርስ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። በሬ የማያሰምጥ ደረጃ ላይ የደረሰውን ማሳ ወዲያው አርሳችሁ ሽምብራ ዝሩበት፤ በቀረው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። ጓያም ይሆናል፤ ግን ጓያ ለብቻው ለወራት የሚበላ ምግብ ከሆነ እግር እንደሚያሽመደምድ አትርሱ፣ በተለይ በችግር ዓመት።

ደለሉ እስከ አንድ ስንዝር ከሆነ ከታች ካለው አፈር ጋር አብራችሁ እረሱት። አዲስ ደለል ብቻውን ሲደርቅ ላዩ እንደ ምጣድ ስለሚደርቅ ቡቃያ አያስወጣም፤ ፍግ ጨምሩበት። አሸዋ ከሆነ ግን ከአፈሩ ጋር አትቀላቅሉት፣ አንሱት። ለኬሻችሁ ያገለግላል።

በዚሁ ሳምንት ከፍ ባለ ቦታ የሽንኩርት መደብ አዘጋጁ። ሽንኩርት መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ይቆያል። ጥቅምት መጀመሪያ የተፈላ ችግኝ ለኅዳር መጨረሻ ይደርሳል፣ ቦዩም በዚያን ጊዜ ይደርሳል። ቦዩ ካለቀ በኋላ መደብ የሚያዘጋጅ ቡድን ሁለት ወር ሙሉ ውሃው ዝም ብሎ ሲፈስ እያየ ይቀመጣል።

ደረጃ 4፦ ውሃውን ለኩ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ጭቅጭቁ በየካቲት የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ውሃው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት 10 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ ምረጡ፣ በሁለቱም ጫፍ ካስማ ትከሉ። ሎሚውን ከላይኛው ካስማ ትንሽ አለፍ ብላችሁ ጣሉት፤ ካስማው ጋ ሲደርስ ሰዓት ጀምሩ፣ ታችኛው ጋ ሲደርስ አቁሙ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ። ቅጠል አይሆንም፣ ነፋስ ይገፋዋል። ሎሚ ግን አብዛኛው ሰምጦ ስለሚሄድ ከውሃው ጋር እኩል ይጓዛል። ከዚያ የውሃውን ስፋትና ጥልቀት ለኩ።

ለምሳሌ ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲሜትር፣ ሎሚው 10 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ሄደ እንበል። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። 0.6 በ0.15 በ0.4 ሲባዛ 0.036 ይሆናል። ከታች ያለው ውሃ ከላዩ ስለሚዘገይ በ0.7 አባዙት፤ 0.025 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሊትር።

አሁን ይህን ግማሽ አድርጉት። በጥቅምት የለካችሁት ወንዝ በየካቲት እንዲህ አይሆንም፣ ከታች ያሉ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። ቀረ 12 ሊትር ተኩል። ይህ በሰዓት 45 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ቦዩ የሚያባክነውን ጨምሮ አንድ ጥማድ ሽንኩርት በሳምንት 150 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንድ ጥማድ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ውሃው ቦዩን ሞልቶ እስኪደርስ ያለውን ጨምራችሁ 4 ሰዓት ያዙለት። በቀን ውስጥ ሦስት ተራ ይወጣል፦ ከጠዋቱ 12 እስከ 4፣ ከ4 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ማታ 12። በሳምንት 6 ቀን ብታጠጡ 18 ጥማድ።

18 ጥማድ ካላችሁ በ18 ቁሙ። አባላቱ 30 ከሆኑ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይያዝ፤ የሚጠጣው መሬት ግን ከ18 አይለፍ። ይህን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጻፉና ሁሉም ይፈርምበት።

ደረጃ 5፦ ጠለፋውን (ውሃውን ከወንዙ ወደ ቦዩ የሚመልሰውን) ሥሩ

ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ውሃው ወደ ውጨኛው ዳር ይጠጋል፤ አሸዋው በውስጠኛው ይተኛል። የቦዩን አፍ በውጨኛው በኩል፣ ከመታጠፊያው ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ክፈቱት። ጥልቅ ውሃ ታገኛላችሁ፣ ደለሉም ይቀንሳል። ዳሩ እንዳይናድ ድንጋይ ደርድሩበት።

ኬሻውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሙሉት። ጢም ብሎ የተሞላ ኬሻ እንደ ኳስ ስለሚሆን በመሃሉ ውሃ ያሾልካል፤ ጎደል ያለው ግን ተዘርግቶ ይገጣጠማል። አደራደሩ እንደ ጡብ ነው፣ የላይኛው የታችኞቹን መጋጠሚያ ይሸፍን። ወንዙን ሙሉ በሙሉ አትዝጉ፤ ሰያፍ አድርጋችሁ ውሃውን ወደ አፉ ምሩት። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይህን ኬሻ ይወስደዋል። ይውሰደው፤ ከኬሻው ይልቅ ወንዙ መንገድ ቢቀይርባችሁ ነው የሚጎዳው።

ከአፉ 10 ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ቦዩን ወደ 2 ሜትር አስፉት፣ በግማሽ ሜትርም አጥልቁት። ውሃው እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ ይበርድና ደለሉን ይጥላል። በየሳምንቱ አንድ ቦታ መዛቅ 600 ሜትር ከመዛቅ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ልክ ሳታወጡ አትቆፍሩ

የፎገራ ሜዳ ዓይን ያታልላል። አንድ ዓመት ጉማራ ዳር የድሮው ቦይ ጨርሶ ጠፍቶ ነበርና አዲሱን በዓይኔ መሪነት አወጣሁት። 30 ሰው ሁለት ቀን ቆፈረ። ውሃው ሲለቀቅ 140 ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ፣ ጥቂት ተኛ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መጣበት መመለስ ጀመረ። ዳር ላይ በትራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ አባት «ልጄ፣ ይሄ ውሃ የረሳው ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ቱቦ አልወጣም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግልጽ ቱቦውን ውሃ ሙሉት፤ አንዱን ጫፍ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ከሌላው በአፍ ብትስቡት አየር ሳይገባበት ይሞላል። ቱቦው ውስጥ አንዲት አረፋ እንኳ ካለች ልኩ ይዛባል፣ በጣት እየመታችሁ አስወጧት። አንድ ሰው ከቦዩ አፍ ላይ፣ ሌላው 20 ሜትር ርቆ ዱላውን ያቆማል፤ የቱቦውን ጫፎች በየዱላቸው ላይ ይይዛሉ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይረጋል። ሁለቱ ዱላ ላይ የምታነቡት ልዩነት የመሬቱ ልዩነት ነው።

የምትፈልጉት በየ20 ሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ዝቅታ ነው፣ በ100 ሜትር 10 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ደለል ይተኛል፤ በጣም ከወረደ ውሃው እየሮጠ ቦዩን ይቦረቡራል። በየ20 ሜትሩ ካስማ ትከሉና ስንት እንደሚቆፈር በእያንዳንዱ ላይ ጻፉ። የቀደመው ቦይ ከደለሉ ሥር ካለ በእሱ ሂዱ፣ ግን እሱንም ለኩት።

ደረጃ 7፦ ቦዩን ጥረጉ

የሥራውን መጠን አስቀድማችሁ አስሉ። 600 ሜትር ቦይ ውስጥ ወርዱ 50፣ ከፍታው 40 ሴንቲሜትር የሆነ ደለል ቢኖር 120 ሜትር ኩብ ነው። እርጥብ ደለል አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ይዝቃል ብዬ ነው የምይዘው። 60 የሰው ቀን፣ ለ30 ሰው ሁለት ቀን። ይህን ሳያሰሉ የተጠራ ደቦ ቦዩ አጋማሽ ላይ ይበተናል።

ለእያንዳንዱ ቡድን የሚደርሰው በካስማ ተለክቶ ይሰጠው። ቅርጹ ከታች 40፣ ጥልቀቱ 40፣ ከላይ 120 ሴንቲሜትር ይሁን። ጎኑ ቀጥ ብሎ ከቆመ አዲስ ደለል አይሸከምም፣ በሁለተኛው ቀን ይናዳል። የተዛቀውን አፈር ከቦዩ አፍ ቢያንስ አንድ እርምጃ አርቁት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ካፊያ መልሶ ያስገባዋል።

ቦዩ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ማጠንፈፊያው የሚያፈስ ትርፍ ውሃ መልቀቂያ ይኑረው። ማታ ወንዙ ድንገት ቢሞላ ውሃው ዳሩን ጥሶ ከሚወጣ በዚያ ይሄዳል።

ደረጃ 8፦ ሞተር (ከሐይቅ ወይም ከጥልቅ ወንዝ ለምትስቡ)

ጎርፍ የነካውን ሞተር ለሙከራ እንኳ አታስነሱ። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይጨመቅም፣ ቢየላውን (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምመዋል። ካንዴላውን ፍቱ፣ ማስነሻ ገመዱን ደጋግማችሁ ሳቡና ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ይውጣ። ዘይቱን አፍስሱ፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፣ አዲስ ሞልታችሁ ጥቂት ካሠራችሁ በኋላ እንደገና ቀይሩት። ቤንዚኑን ድፉ፣ ካርቡራተሩን እጠቡ፣ የአየር ፊልትሮውን አድርቁ።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተር እንደ ቆላ አገር ከጥልቅ አይስብም። ከውሃው ወለል እስከ ሞተሩ ያለው ከፍታ ከ5 ሜትር አይብለጥ። መገፋቱን ወደ ላይ ሩቅ ይገፋል፤ አቅም የሚያንሰው ሲስብ ነው።

ሐይቁ በመስከረም ሞልቶ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ ይሸሻል። በምሥራቁ ለጥ ያለ ዳር ትንሽ ቁልቁል ሲወርድ ብዙ ርቆ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በጥቅምት ውሃው ዳር የሲሚንቶ መቀመጫ አትሥሩ፤ በጥር ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ሞተሩ ተንቀሳቃሽ ይሁን፣ ወደ ውሃው የሚያደርስ መሳቢያ ቦይ እየቆፈራችሁ ተከተሉት። ዳሩን ለማቅናት ብላችሁ ደንገሉን አትመንጥሩ፣ ዳሩን የያዘው እሱ ነው።

የመምጠጫውን ጫፍ ቅርጫት ውስጥ ክተቱት፣ እምቦጭ ይገባበታል። ያወጣችሁትን እምቦጭ ደግሞ ቦይ ውስጥም ሆነ ማሳ ላይ አትጣሉ። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከውሃ ርቆ ደርቆ ይቃጠል።

ሞተሩ ምን ያህል እንደሚሰጥ ሻጩ የነገራችሁን ተዉት። በርሜሉን ሙሉበት። 200 ሊትሩ በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 10 ሊትር ነው፣ ለአንድ ጥማድ 4 ሰዓት ከሩብ ያህል። ታንኩን ሞልታችሁ አንድ ሰዓት አሠሩና የጎደለውን በሊትር መልሱ፤ የቤንዚን መዋጮ በዚህ ይሰላል።

ደረጃ 9፦ የውሃ ተራ

ደንቡ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ይጻፍ። ሽንኩርቱ ከተተከለ በኋላ ማንም አይስማማም።

- የውሃ አባት (ተራውን የሚቆጣጠረው ሰው) ከግርጌ፣ ማለትም ከቦዩ መጨረሻ ካሉት ይመረጥ። ውሃ እሱ ጋ የሚደርሰው በሁሉም ማሳ አልፎ ስለሆነ ቦዩን ሳይነገረው ይዞረዋል።
- ተራው ከግርጌ ይጀምር፣ ወደ ራስጌ ይውጣ። ውሃ ሲያንስ ግርጌው ቀድሞ ስለጠጣ ጉድለቱ ቀርቦ መቆጣጠር ለሚችለው ለራስጌው ይሆናል።
- እሑድ ተራ አይመደብ። ሰባቱንም ቀን ብትመድቡ አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ እሑድ ይደርሰዋል። በሳምንቱ መሃል ለዋለ በዓል የቀረ ተራ ግን ለእሑድ ከሰዓት ይቀመጥ።
- ያለ ተራው ውሃ የሰበረ ምን እንደሚቀጣ በብር ወይም በጠረጋ ቀን ይጻፍ።

ማኅበሩን በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አድርጋችሁ ብታስመዘግቡ መዋጮውና ቅጣቱ ሕጋዊ መሠረት ያገኛል።

ደረጃ 10፦ ትከሉ፣ አጠጡ

በመደቡ ላይ በሁለት የሽንኩርት መስመር መሃል 20 ሴንቲሜትር፣ ለውሃ መሄጃው 40፣ በተክልና በተክል መካከል ከ5 እስከ 10። ዋልካ ላዩ ሲሰነጠቅ ደርቋል ብላችሁ አትቸኩሉ። 15 ሴንቲሜትር ቆፍራችሁ አፈር ጨብጡ፤ ድቡልቡል ሆኖ መዳፍ ካረጠበ ገና ነው። ኩሬ ሠርቶ የሚያድር ውሃ ሽንኩርቱን ያበሰብሰዋል። ከመሰብሰባችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ውሃ አቁሙ፣ ካልሆነ ጎተራ ውስጥ ያበቅላል።

ለሕይወት የሚያሰጉ

ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርዳችሁ አታስነሱ። ጭሱ ጉድጓዱን ይሞላል፤ ውስጡ ያለው መርዝ አይሸትም፣ ሊያወጣው የሚወርደውንም ሰው ይገድላል። ውሃው ጥልቅ ከሆነ ለመሳቢያው ደረጃ ያለው ክፍት ቦታ ቆፍሩ።

ዋልካ ሲርስ ይናዳል። ከወገብ በላይ ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ብቻችሁን አትቆፍሩ።

በሐይቁ ዳር ባዶ እግር አትቁሙ፣ ቢልሃርዝያ አለ፤ ቦቲ ካለ ይደረግ። አፈር የወሰዳችሁበትን ጉድጓድ መልሳችሁ ሙሉት፣ ወባ የሚራባው እዚያ ነው። ጎርፍ የገባበት የጉድጓድ ውሃ ሳይታከም ለመስኖ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ማታ ሞተር የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በጉማሬና በውሃው መካከል አይገኝ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ትልቁ፣ ቦዩ በኅዳር ሞልቶ ሲሄድ አይቶ «ውሃ ተርፎናል» ብሎ ከ18 ጥማድ ወደ 30 መሄድ ነው። በየካቲት 30ውም ጥማድ ግማሽ ይጠጣል፣ የሁሉም ሽንኩርት የጣት ጫፍ አክሎ ይቀራል።

ሌላው ውሃው ቦዩ ውስጥ ካለቀበት ቦታ ላይ ቆሞ መደንገጥ ነው። ደረቅ ዋልካ ስንጥቁን እስኪሞላ የመጀመሪያውን ቀን ውሃ ይውጠዋል። አንድ ቀን ሙሉ ልቀቁለት፣ ከዚያ ነው ተራ የሚጀመረው።

ሞተሩ ተነስቶ ውሃ አልሳብ ካለ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ አየር ነው። መምጠጫውን ውሃ ሙሉ፣ ፋሸታውን አጥብቁ፣ ላስቲኩ የተሰነጠቀበትን ፈልጉ። ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ማለት ነው።

ሰኔ ሲገባ የቦዩን አፍ በኬሻ ድፈኑት፤ ክፍት ከተተወ ክረምቱ ደለሉን በሠራችሁለት መንገድ ያስገባዋል። የሞተሩን ቤንዚን አፍስሱ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ደብተሩንና ሁለቱን ዱላዎች ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሆነ ሰው ይያዝ።